በካምፐር መኪና ውስጥ በኤሌክትሪክ ማብሰል

የጋዝ ሲሊንደሩን ከካምፐሬ፣ ማለትም እየተጓዝኩ ከማድርባት መኪናዬ፣ ካወጣሁ ወዲህ የማበስለው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በምተኛበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት ባይነድ እመርጣለሁ፤ ከእሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ እንኳ የለውም።

ሁሉም የሚጠይቀኝ «ባትሪው ይበቃል ወይ?» ብሎ ነው። እስቲ እናስላው። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባለ 12.8 ቮልት ሊቲየም ባትሪ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ የሚፈልገው 93 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ዓይነት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ኢንቨርተርና በምድጃው የሚባክነው ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚሳበው ኃይል። 1800 ዋት ኢንዳክሽን ምድጃ (ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያግል) በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከባትሪው ከ140 አምፔር በላይ ይስባል። ብዙዎቹ የዚህ መጠን ባትሪዎች ከ100 አምፔር ሲያልፍ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

«ዝቅ አድርጌ አበስላለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ርካሽ ምድጃዎች ዝቅ ሲደረጉ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ኃይል እያበሩ እያጠፉ ነው የሚሠሩት። ማይክሮዌቭም ላይ 700 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ወደ ምግቡ የሚገባው ነው፤ ከሶኬት የሚስበው ከ1000 ያልፋል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ትንሿን የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ማብሰያ ነው። አንዴ ከጋለች በኋላ ሙቀቷን ይዛ ስለምትቆይ አልፎ አልፎ ብቻ ነው ኃይል የምትስበው። ጥራጥሬ የምቀቅለው በእሷ ነው፤ ያውም ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የምትበላውን ኃይል የሶላር ፓነሉ እየተካ።