ዘይቱ ከምን ተሠራ? ብለን የጠየቅን ጊዜ

ደብረ ብርሃን ላይ ሸማቹ ዘረመሉ (ጂኑ) ስለተለወጠ ምግብ፣ ማለትም ስለ ጂኤምኦ፣ እንዲጠይቅ ለማድረግ ስነሳ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ፈረንጅ ዶሮና ስለ ምርጥ ዘር ነበር። "ይሄ ትልልቁ ሽንኩርት ጂኤምኦ ነው አሉ" ይሉኛል። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው የሆነውን ካልሆነው በመለየት ነው። ዲቃላ በቆሎ ከተለያዩ የበቆሎ ዘሮች ተዳቅሎ የሚገኝ ነው። የፈረንጅ ዶሮም በመምረጥና በማዳቀል የመጣች ናት። ዘረመሉ የተለወጠ የሚባለው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ዘረመሉ ተነክቶ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ፍጡር የተወሰደ የገባበት ነው። ቢቲ ጥጥን ውሰዱ። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስላለው የጓይ ትልን ራሱ ይከላከላል።

ይህን ሳንለይ ብንጮህ ኖሮ የግብርና ባለሙያዎቹ በአንድ ጥያቄ ዝም ያሰኙን ነበር። በገበያ ላይ ዘረመሉ የተለወጠ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ምስር የለም። የምንጃር ጤፍ ወይም የአንኮበር ገብስ የሚገዛ ሰው በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባው። ጥያቄው ያለው ሱቅ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚመረቱት ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎች አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና ካኖላ (የጎመን ዘር ዓይነት) ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከሚዘራው አኩሪ አተር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዘረመሉ የተለወጠ ነው። እነዚህ ሰብሎች ደግሞ ዞረው ዞረው ዘይት ይሆናሉ።

የሰፈራችን ባለሱቅ መደርደሪያውን እንዳይ ፈቀዱልኝ። አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አነሳሁ። ፊቱ ላይ ቢጫ የሱፍ አበባ ታትሟል። ጀርባውን ሳዞረው ጽሑፉ "የአትክልት ዘይት" ብቻ ይላል። ሱፍ የሚል ቃል የለም። አኩሪ አተርም አይልም፣ ፓልምም አይልም። የተመረተበት አገር ስም ላይ ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፎበታል። "ጋሼ፣ ይሄ ከምንድን ነው የተሠራው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው አበባውን አይቼ ነው የምሸጠው" አሉኝ።

በጎን አንድ ፈተና ገጠመን። አብሮን የሚሠራ ወጣት ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ በልተው ዕጢ አበጠባቸው የተባሉ አይጦችን ፎቶ ከቴሌግራም አምጥቶ "ይሄን አትመን እንበትን፤ ሰው ቶሎ ይነቃል" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ገበያ ላይ ያሉት እነዚህ ምግቦች የደህንነት ግምገማ እንዳለፉና በጤና ላይ ጉዳት ያመጣሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ ይናገራል። ይህን እያወቅሁ እናቶችን በካንሰር ማስፈራራት አልችልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ ለልጆቼ የማበላውን ነገር የማወቅ መብት አለኝ። ዘሩ በማን እጅ እንዳለም ይገደኛል። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት እናት ስብሰባችን ላይ "እኔ የገብስ ዘሬን ከጎረቤት ነው የምለዋወጠው፤ ነገ በየዓመቱ ግዢ ልባል ነው ወይ?" ሲሉ፣ ከየትኛውም ፎቶ በላይ ሰውን አነጋገረ።

መብቱ ደግሞ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዘረመላቸው የተለወጠ ነገሮችን የሚቆጣጠር የደህንነተ ሕይወት አዋጅም አለን፤ ቁጥር 655/2001፣ በኋላ በ896/2007 የተሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ሲጸድቅ ለታዳጊ አገሮች ከተከራከሩት ግንባር ቀደሙ የእኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ይህን ስናገር አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ቀና ማለቱን አልረሳውም።

"ላቦራቶሪ እናስመርምረው" ያሉ ነበሩ። ገንዘብ ማባከን ነው። በደንብ የተጣራ ዘይት ውስጥ ዘረመሉም ፕሮቲኑም የለም ማለት ይቻላል፤ ምርመራው ከየትኛው አኩሪ አተር እንደመጣ ላይነግራችሁ ይችላል። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ዘይቱን ሳይሆን ምንጩን ተከትሎ ይጻፍበት የሚለው። ስለዚህ የሚያዋጣው ሰነድ መጠየቅ ነው።

ግን ማን ይጠይቅ? ብቻዬን ስጠይቅ መልሱ "ካልፈለግሽ ተይው" ነበር። ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ያመጣሁት ለዚያ ነው። ማኅበሩ በጅምላ ስለሚገዛ አቅራቢው ጆሮ ይሰጠዋል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። "ዘይት እሳት በሆነበት ጊዜ የምን ቅንጦት ነው?" ያሉ እናቶች ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ዋጋው ከተቀራረበ በጽሑፍ የሚመልሰው አቅራቢ ይቅደም በሚለው ነው። ዋጋን የረሳ ሐሳብ ይዤ ብሄድ ድምፅ አላገኝም ነበር።

አንዱ አቅራቢ ከሱፍ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ቶሎ ላከ። ሌላው "እንዲህ ተጠይቀን አናውቅም" ብሎ ጊዜ ጠየቀ። አበባ ያለበትን ጀሪካን የሚያመጣው እስካሁን አልመለሰም። ማኅበሩ ከእሱ መግዛት አቁሟል።

አሁን ደግሞ የወተት ላም የሚያረቡ አባላት ስለ ፋጉሎ እየጠየቁ ነው። ልክ ናቸው። ቢቲ ጥጥ አገራችን ውስጥ እንዲመረት ከተፈቀደ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ነው፤ የጥጥ ፍሬ ሲጨመቅ ዘይቱ ለሰው፣ ፋጉሎው ለከብት ይሄዳል። ለዘይት መጭመቂያዎቹ የምንልከው ቅጽ ለዘይት አቅራቢዎቹ ከላክነው አይለይም። ከምን ሰብል ተሠራ? ሰብሉ የት በቀለ? ዘረመሉ የተለወጠ ነው ወይስ አይደለም? ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አላችሁ? ሌላ ማኅበር ቢፈልገው ገልብጦ መውሰድ ይችላል።