የቼክ ማሪዮኔት ሚስጥሩ አናቱ ላይ ነው

ዛሬ ከቼክ ማሪዮኔት፣ ማለትም ከላይ ሆነው ከሚያንቀሳቅሱት የትርኢት አሻንጉሊት ጋር ነው የዋልኩት። ባህላዊውን የቼክ አሻንጉሊት የሚሸከመው ክር ሳይሆን ከአናቱ የሚወጣ ጠንካራ ሽቦ ነው። ሽቦውን ስታዞሩት ገላው አብሮ ይዞራል፤ ስታቆሙት ወዲያው ቀጥ ይላል። ክሮቹ እጅና ጉልበት ለማንቀሳቀስ ናቸው። ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ከሊንደን እንጨት ይቀረጻል፤ ለስላሳ ስለሆነ ለቢላ ይመቻል።

ጀማሪ የሚቸገረው እግሩ ላይ ነው። መያዣውን ትንሽ ዝቅ ካደረጋችሁ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ከፍ ካደረጋችሁ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ዓይናችሁ ከጫማው አይነቀል። ሲያልቅ ስቀሉት እንጂ ሳጥን ውስጥ አትወርውሩት፤ የተወሳሰበ ክር መፍታት ሰዓት ይበላል። ከኋላ ጥቁር መጋረጃ፣ መብራቱ ከጎን ይሁን፤ ክሩ ይደበቃል።

ዩኔስኮ ይህን የቼክና የስሎቫክ ጥበብ በ2016 (እ.ኤ.አ.) መዝግቦታል። ቼኮችና ስሎቫኮች ውጭ አገርም ይኖራሉ፤ ኒውዮርክ፣ ማንሃታን 73ኛ መንገድ ላይ ስደተኞቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የቦሂሚያ ብሔራዊ አዳራሽም ዛሬ ድረስ አለ። ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆቻቸው ትርኢቱን ስታሳዩ ድርጊቱ ይቅደም፣ ቃሉ ይከተል። ቀልደኛው አሻንጉሊት ካሽፓሬክ በቼክኛ ሲጠይቃቸው ግን አትቸኩሉባቸው፤ መልሱን ራሳቸው እስኪያወጡት ጠብቋቸው።