ሳሎኔን ጥቁር አረንጓዴ ያስቀባሁ ጊዜ

ሳሎኑን አረንጓዴ ላስቀባ ነው ስል ከሁሉም ሰው የሰማሁት «ጤና ጣቢያ ልታደርጊው ነው?» የሚል ነበር። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር አረንጓዴ ግድግዳ ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ያ እስከ ወገብ የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ነጣ ያለ የዘይት ቀለም ነው። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ። እኔ የፈለግኩት ግን ጠቆር ያለ፣ የማያብለጨልጭ፣ ወደ ወይራ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ማታ ሲገቡበት ሞቅ የሚል።

ሳሎናችን ድሮም ጨለም ያለ ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ አለ፤ ከበረንዳው ወዲያ የአቮካዶ ዛፍ። ብርሃን እንዲያስገባ ብለን ስንት ዓመት ክሬም ስንቀባው ኖርን። ወይ ፍንክች! ነጣ ያለ ቀለም ብርሃን አይፈጥርም፤ የመጣለትን መልሶ መላክ ብቻ ነው ሥራው። የሚመጣለት ከሌለ አመድማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጨለማው ጋር መታገሉን ተውኩና ጨለማውን ራሱን ላሳምረው አልኩ።

ሌላው ምክንያት የቡናው ጥግ ነው። ጅማ ተቀምጦ ቡና በቀን አንዴ ብቻ አፍልቶ የሚበቃው ሰው አላውቅም። የከሰሉ፣ የእጣኑና የቆላው ጭስ ተደራርቦ ክሬሙን ግድግዳ አወይቦት ነበር። ጠቆር ያለ ቀለም ይህን ችሎ ይኖራል።

መርካቶ ወዳለ ቀለም ቤት የሄድኩት የቡና ቅጠል ይዤ ነው። ባለሱቁ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ካታሎግ እያለ ቅጠል?» አለ። ቢሆንም ቅጠሉን የቆርቆሮው አፍ ላይ አስቀምጦ መበጥበጥ ጀመረ። እዚያው ቆሜ ያየሁት ነገር ነው ዋናው ትምህርት። የቡና ቅጠል እንዳለ ቢቀዳ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ባለሱቁ ለማጥቆር እጁን ወደ ጥቁሩ ቀለም ሲሰድ አስቆምኩት። ጥቁር አረንጓዴን ያጠቁረዋል፣ ግን ነፍሱን ያወጣዋል። በምትኩ አፈርማውን ቢጫ፣ ኦከር የሚሉትን፣ ጨመርን። ቢጫው አሞቀው። ቀጥሎ ከቀይ ቡናማው ጠብ አደረግን። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ቀለሞች ስለሆኑ ጥቂት ቀይ የአረንጓዴውን ጩኸት ያበርዳል። ከበዛ ግን ቀለሙ ወደ ቡናማ ይገለበጣል፤ ስለዚህ በጠብታ ነው።

እርጥቡን ቀለም አይታችሁ አትወስኑ። ፕላስቲክ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ይጠቁራል። ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀብቼ ወደ ቤት ወሰድኩና ካርቶኑን ከግድግዳ ግድግዳ ሳዞር ሰነበትኩ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ አየሁት፤ እኛ ሰፈር ይህም አንዱ የብርሃን ዓይነት ነው።

የውጭ አገር ምክሮች ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ነው ያለው ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ ወደ 8 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። እኛ ጋ የሚለየው ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ከሱም በላይ በረንዳና ዛፍ። የእኔ ሳሎን የከሰዓት ፀሐይ ከጎን ትገባበታለች። ያኔ አረንጓዴው ውስጥ ያለው ቢጫ ብቅ ይላል።

አምፖል ላይ ግን ድርድር የለም። ሱቅ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡን ያ ወተት የመሰለው ነጭ አምፖል ነው፤ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። በሱ ሥር የእኔ ቀለም የወታደር ካምፕ ድንኳን ነው የሚመስለው። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል፣ ቢጫ ብርሃን ያለው ፈልጉ። አንዱን ኮርኒስ መሃል ከመስቀል ሁለት ሦስቱን በየጥጉ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ጠቆር ያለ ግድግዳ ብርሃን ስለሚውጥ አንዱ አምፖል ብቻውን አይችለውም።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ጅማ ዝናቧን ታውቋታላችሁ። የእኛ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ። ከሥር ውሃ ይስባል። ግድግዳው ውሃ ሲስብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ነጭ ብናኝ ሆኖ ላዩ ላይ ይቀራል። ክሬም ላይ ማንም አያየውም። ጥቁር አረንጓዴ ላይ ግን ዱቄት የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቀለም ከመገዛቱ በፊት ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ግርጌ ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አሽገን አሳደርነው። ጠዋት ፌስታሉ ከውስጥ በኩል አልቦት ነበር። መጀመሪያ የተሠራው እንግዲህ ቀለሙ አይደለም፤ የተቀደደው አሸንዳ ነው። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ውሃ የሚወስድ ቦይ ተቆፈረ። የላላው ልስን ተፋቀ፣ እንደገና ተለሰነ፣ በጋው እስኪገባ ተተወ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ቢደርቅ ጥሩ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ደፍቶ መሸፈንን የሚመክር ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ልጦ ነው የሚወጣው።

ድሮ እስከ ወገብ የዘይት ቀለም የነበረበት ግድግዳም ነበረን። ያለ ብርጭቆ ወረቀት ፕላስቲክ ቀለም አይዝበትም፤ በጥፍር ሲነኩት እንደ ቆዳ ይላጣል። ቀለም ቀቢው ልጅ አንድ ሙሉ ከሰዓት እሱን ሲፍቅ ዋለ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አራት በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ ወደ 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም 10 ካሬ ሜትር ያህል ቢሸፍን ለአንድ እጅ አራት ሊትር ማለት ነው። ጠቆር ያሉ ቀለሞች ውስጥ ነጩ ማቅለሚያ ጥቂት ስለሆነ የሥሩን አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ሦስት እጅ አስቡ። ከሥር አመድማ ቀለም አንድ እጅ ከተቀባ ግን ይቀንሳል። በእጅ የተበጠበጠ ቀለም ደግሞ ሁለተኛ አይደገምም። ሁሉንም ቆርቆሮ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ አንድ ላይ ማማሰል ነው።

ሲቀባ የማይረሳው ይህ ነው፦ አንድ ግድግዳ ተጀምሮ ግማሽ ላይ አይቆምም። ልጁ ምሳ ሊበላ ሮለሩን ሲያስቀምጥ «ይሄን ጨርስና ሂድ» አልኩት። የደረቀው ጠርዝ ላይ አዲስ ቀለም ሲደረብ መስመሩ ለዘላለም ይታያል። በጠቆረ ቀለም ላይ የባሰ ነው። ልጁ ቀድሞ ጥጎቹንና የኮርኒሱን ጠርዝ በብሩሽ ያስይዛል፣ ሳይደርቅ በሮለር ይከተለዋል።

የመስኮቱን ብረትና በሩን በዚያው አረንጓዴ፣ ግን በዘይት ቀለም አስቀባን። ለዚህ ቀለም ስትገዙ እርሳስ እንደሌለው ጠይቁ፤ በአገራችን ደንብ የሚፈቀደው ከሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ነው። ኮርኒሱን ክሬም አደረግነው። ንጹህ ነጭ ቢሆን ከግድግዳው ጋር ይጣላ ነበር።

እንጨቱ ሲመለስ ነው ቤቱ ቤት የሆነው። የዋንዛ ቁም ሳጥናችን ክሬም ግድግዳ ላይ ተራ ነገር ነበር። አሁን ቀላ ያለው ቡናማ ነጥሮ ወጣ። የጅማ በርጩማዎቹም እንደዚያው፤ የተፈለፈለው እግራቸው ሳይቀር ይታያል። አማቴ ገብተው ዙሪያውን አዩና «ጫካ አደረግሽው እኮ ልጄ» አሉ። ከዚያ ጥግ ያለችውን በርጩማ ይዘው እስከ ሦስተኛ ተቀመጡ።

ችግር የለውም አልልም። የማያብለጨልጭ ቀለም እጅ ሲያሻሸው ይለሰልስና ያበራል፤ የማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ከወዲሁ ጀምሮታል። ልጆች ካሏችሁ በጣም ትንሽ የሚያበራውን ዓይነት ውሰዱ። አቧራም ይታይበታል፤ በደረቅ ጨርቅ ነው የሚነሳው። የወባ ትንኝ ደግሞ ግድግዳው ላይ ካረፈች አትገኝም። ነጭ ላይ በጫማ ነበር የምናገኛት። በዚህ ምክንያት ብቻ መኝታ ቤቱን እንዲህ አላስቀባውም።

የተረፈውን ቀለም አፉ ጥብቅ ወደሚል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጬዋለሁ፤ ባዶ ቦታው ሲያንስ ቶሎ አይደርቅም። ክዳኑ ላይ ምን ያህል ኦከር፣ ምን ያህል ቀይ ቡናማ እንደገባ በማርከር ጽፌበታለሁ።