ከመስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ

«ለአንዲት ጠረጴዛ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?» አለችኝ እህቴ። ለንደን ስትኖር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቻውተን የምትባል መንደር ግን ሰምታ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ አብራኝ መጣች። ከዋተርሉ በባቡር ተነስተን አልተን ወረድንና የቀረውን በእግራችን አዘገምን።

ቤቱ መንገድ ዳር ያለ ቀይ የጡብ ቤት ነው። እንግሊዛዊቷ ልቦለድ ደራሲ ጄን ኦስተን ከእናቷና ከእህቷ ከካሳንድራ ጋር እዚህ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1809፣ በ33 ዓመቷ ነው። አባቷ የስቲቨንተን ቄስ ነበሩ። በ1805 ባዝ ከተማ ሲያርፉ (ጃንሆይ በስደት የተቀመጡባት ያቺው ባዝ) ሴቶቹ መተዳደሪያ አጥተው ከዘመድ ዘመድ ሲሉ ከረሙ። ልጅ ያልነበራቸው ባለጸጋ ዘመዶች ያሳደጉት ወንድሟ ኤድዋርድ ነው በመጨረሻ ይህን ቤት የሰጣቸው።

ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ናት። 12 ማዕዘን ያላት፣ ባለ አንድ እግር፤ ወረቀትና የቀለም ብልቃጥ ካስቀመጡባት ለክርን የሚተርፍ ቦታ የላትም። ሳያት ዕንባዬ መጣ። የወንድሟ ልጅ ኋላ እንደጻፈው፣ አንዱ በር ሲከፈት ሲጢጥ ይል ነበር፤ እሷም እንዳይጠገን ትከላከል ነበር። ሰው ሲመጣ በሩ ይነግራታል፣ ወረቀቷን ቶሎ ትሸሽጋለች።

«ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የተባለውን ልቦለዷን መጀመሪያ የጻፈችው ገና በ20ዎቹ መባቻ ላይ ሳለች ነው። አባቷ በ1797 ለአንድ የለንደን አሳታሚ ቢጽፉለት፣ ረቂቁን ልየው እንኳ ሳይል እምቢ አለ። እሷ ግን አልጣለችውም። እዚህ ቤት አርማ አስተካክላ በ110 ፓውንድ ሸጠችው፤ የጠየቀችው 150 ነበር። በ1813 ታትሞ ሲወጣ ስሟ የለበትም። በሕይወት ሳለች ከታተሙት አራት ልቦለዶች በአንዱም ላይ የለም።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ዊንቸስተር ሄድን። በ1817 ግንቦት ላይ ታማ ለሕክምና የመጣችው እዚያ ነው፤ ሐምሌ 18 ቀን በ41 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው በካቴድራሉ ወለል ሥር ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ የመቃብሩን ድንጋይ አነበበችው። የልቧን ደግነት፣ የጠባይዋን ጣፋጭነት፣ የአእምሮዋን ልዩ ተሰጥዖ ይናገራል። ደግማ አነበበችው።

«መጻሕፍቷስ? አንድም አልተጠራም'ኮ!»

አልተጠራም። እኔም አስቀድሜ ባውቀውም እንኳ እዚያ ቆሜ ሳየው ቆረቆረኝ። እጇን ይዤ አጠገቡ ወዳለው ግድግዳ ወሰድኳት። የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ በ1872፣ ከሞተች ከ55 ዓመት በኋላ የተሰቀለ። «በጽሑፎቿ በብዙዎች ዘንድ የታወቀችው ጄን ኦስተን» ብሎ ይጀምራል። እህቴ ጣቷን ወደ ሰሌዳው ዘርግታ፣ ሳትነካው፣ ቃል በቃል ተከተለችው።