ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፦ የአዲስ ዓመት መልእክት ከደብረ ብርሃን

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ደብረ ብርሃን ክረምቱን ሸኝታለች፤ ብርዱ ግን አሁንም አለ። ይህን የምጽፈው ጋቢዬን ደርቤ ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ችቦውም ተዘጋጅቷል። ስለ ሥራዬ ስትጠይቁኝ ብዙ ጊዜ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ በዓልም አይደል? በደንብ ላውራችሁ።

ከላይ ያለው ሰላምታ ውስጥ ሒሳብ አለ። በአዲሱ ዓመት 2018 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ደምሩ፤ 7518 ይሆናል። ለ4 ስታካፍሉት 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በኮድ ይህን ለመጻፍ አንድ የመቶኛ ምልክት ይበቃል፤ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቀሪን የሚያወጣው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ምልክት ጋር የምውል ሰው ነኝና አባቶቻችን ዘመን የሚቆጥሩት በቀሪ መሆኑን ሳውቅ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከኮምፒውተር ጋር ያስተዋወቀኝ የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ማመልከቻ እተይብ ነበር። ያኔ አማርኛ የሚተየበው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነው። ሰው ሌላ ቦታ ያስጻፈውን ፋይል በፍላሽ ይዞ ይመጣል። እኛ ጋ ሲከፈት ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አይታይም፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ሰረዝ ተደበላልቆ ይመጣል። አንድ ቀን ከመንዝ የመጡ አባት ስክሪኑን አይተው፣ "ልጄ፣ ጽሑፌ የት ሄደ?" አሉኝ። ስለ መሬት ጉዳይ የተጻፈ አቤቱታ ነበር። እንደ ዕድል የታተመውን ወረቀት በኪሳቸው ይዘውታል። እሱን እያየሁ እንደገና ተየብኩላቸው። ጥያቄያቸው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። የድሮ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር በየራሱ መንገድ ፊደሎቹን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ደለደላቸው። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ያንኑ የላቲን ፊደል ነው። የአባታችን ጽሑፍ የትም አልሄደም ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ) ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624። በ8 በ8 ነው የሚሄደው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት። የአንዱን ፊደል ቁጥር ለ8 ብታካፍሉ በአብዛኛው ቀሪው ቤቱን ይነግራችኋል፤ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ እያለ። አሁንም ቀሪ! ለራሴ ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ፕሮግራም የድሮ ፋይሎችን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዛሬም ይጠቀምበታል። ገንዘብ አላገኘሁበትም፤ ከሠራሁት ሁሉ ግን የምወደው እሱን ነው።

መደበኛ ሥራዬን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ሠራሁ፣ ከዚያ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር እሠራለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው፤ አከብረዋለሁ።

ማታ ማታ የምሠራው ግን ሌላ ነው። እህቴ የጳጉሜ ልጅ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ስትመዘገብ ቅጹ 12 ወር ብቻ ነው ያለው። መዝጋቢዋ "ነሐሴ 30 ልበልሽ?" አለቻት። አገሩ 13 ወር እየቆጠረ የሰው ልደት በሶፍትዌር ምክንያት መቀየሩ አንገበገበኝ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያሰላ ፕሮግራም የጀመርኩት ያኔ ነው።

የእኛን ቀን ከፈረንጆቹ ቀን ማመሳከሩ ቀላል ነበር። ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ለመማር ግን የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የ2018ን አብረን አወጣን። "ጻፍ ልጄ" እያሉ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። 7518 በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሳለት ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ከሆኑ ሒሳቡ ልክ ነው። መጥቅዑ የሚያርፍበት መስከረም 18 እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ፋሲካ ከነነዌ በ69ኛው ቀን ነው፤ ሚያዝያ 4። ላፕቶፔ ተነስቶ ፕሮግራሙ እስኪከፈት የኔታ ጨርሰው ነበር። ውጤቱ አንድ ሆነ። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና፣ "አበቅቴና መጥቅዕ 30 መሙላታቸውን ያያል?" ብለው ጠየቁኝ። አያይም ነበር። ያንኑ ማታ ጨመርኩት፤ አሁን ድምሩ 30 ካልሞላ ፕሮግራሙ ቀን አይሰጥም። ከስንት ባለሙያ ጋር ሠርቻለሁ፣ ከዚህ የተሻለ የኮድ ግምገማ አላስታውስም።

ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ የሠራሁትም መዝገብ አለ። ስልክ ላይ ነው የሚሠራው፤ እናቶች ግን ወረቀት ስለሚፈልጉ በየወሩ አትሜ እሰጣቸዋለሁ። ደስ ይለኛል።

በ2018 የዘመን አቆጣጠር ፕሮግራሙ ላይ የግዕዝ ቁጥሮችን ልጨምር አስቤያለሁ። ከ፩ እስከ ፼ ዩኒኮድ ውስጥ አሉ፤ ዜሮ ስለሌላቸው አጻጻፋቸው የራሱ ስሌት አለው። በዓሉ እንዳለፈ እጀምራለሁ። በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በአንኮበር ያላችሁ፣ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ልጆች፣ ፕሮግራሙን ከነኮዱ እሰጣችኋለሁ። ደውሉልኝ፤ ደብረ ብርሃን ከመጣችሁ ደግሞ ቡና እያፈላን እናያለን።

ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። በሩቅ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ናፍቃችሁኛል። መልካም አዲስ ዓመት!