ከአቀባበሉ በፊት በጀቱ

በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ፣ በወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ከሚይዙት ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። የወረዳችን ከተማ ከአፋፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከቀበሌዎቻችን ብዙዎቹ ግን ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ናቸው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑ በጀት የሚጸድቅበት ጉባኤ ከክረምቱ ሊሸሽ አይችልም። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ከቆላ የመጣ አባል ወንዙ ሳይሞላ ካልተሻገረ ከተማ ማደሩ ነው፤ አብዛኞቹ አባላት ደግሞ አርሶ አደሮች ስለሆኑ በእርሻ ወቅት አንድ ቀን መዋል እንጂ ማደር አይሆንላቸውም።

በአንዱ ዓመት የቀድሞው አፈ ጉባኤ ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛውረው ስለነበር፣ ምክር ቤቱ በዚያው የበጀት ጉባኤ ላይ ከአባላቱ መካከል ተተኪ እንዲመርጥ አጀንዳ ተያዘ። የታጩት ለረጅም ጊዜ በመምህርነት ያገለገሉ ሴት ነበሩ። በአገር ደረጃ ሴት አፈ ጉባኤ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ አልማዝ መኮ ነበሩ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚልን መርጧል። ለእኛ ወረዳ ግን የመጀመሪያዋ ስለሆኑ ዝግጅቱ ከወትሮው ደመቅ ብሎ ነበር። ሠራተኛው አዋጥቶ የመንዝ በርኖስ አስመጣ፣ ግጥም የሚያቀርቡ ወጣቶች ተለማመዱ፣ የእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤዎችም አስቀድመው ደረሱ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ «ለሰሜን ሸዋ ዞን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ» ተብሎ የተጻፈ ነበርና መዝገብ ቤት ውስጥ ጥቂት አሳቀን። በአማራ ክልል የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ የዞን አስተዳደር እንጂ የዞን ምክር ቤት የለውም።

መርሐ ግብሩን ያወጣው ከአስፈጻሚው ወገን የተውጣጣ ኮሚቴ ነበር። በዚህም መሠረት ምርጫውና ቃለ መሐላው ቀድመው፣ አቀባበሉ ቀጥሎ፣ ከዚያም ምሳ፣ ሪፖርቱና በጀቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ እንዲሆኑ ተደልድሏል። ይህ ድልድል በክፋት የተሠራ አይመስለኝም፤ ነገር ግን በጀቱን የሚያቀርበው አካል የጉባኤውን ሰዓት ሲያከፋፍል፣ ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ጉዳይ ጥቂት ጠያቂ በሚቀርበት ሰዓት ላይ ማረፉ እንዲሁ የሚሆን ነገር ነው።

አፈ ጉባኤዋ በእጅ ማውጣት ተመርጠውና ቃለ መሐላቸውን ፈጽመው ወንበራቸውን ያዙ። የመድረክ መሪው በርኖሱን ለመደረብ እንዲነሡ ሲጋብዛቸው፣ እርሳቸው የስም መቆጣጠሪያ መዝገቡን ከእኔ ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ ጉባኤው ዞረው፣ «ከቆላ የመጣችሁ አባላት በስንት ሰዓት መነሣት ይኖርባችኋል?» ብለው ጠየቁ።

አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ሰማዩ ከስድስት ሰዓት ወዲያ አይታመንም። ምሳውን ስንቅ ብታደርጉልን እንጂ ቁጭ ብለን የምንበላው አይደለም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

«እንግዲያው አባባ፣ በርኖሱ ይቆየኝና እርስዎ ሳይነሡ በጀቱን እንየው» አሏቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠጋ ብለው ከደብረ ብርሃን የመጡ እንግዶች እየጠበቁ መሆናቸውን በሹክሹክታ አስታወሷቸው። አፈ ጉባኤዋም እንግዶቹን በማይክሮፎን ይቅርታ ጠይቀው፣ ምልዓተ ጉባኤ ከጎደለ የሚጸድቅ በጀት እንደማይኖር ተናገሩ።

በእኔ ሙያ ዓይን የዚያ ቀን ትልቁ ነገር ይህ ነበር። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚኖረው ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ሲገኙ ነው ይላል፤ የእኛም ደንብ በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው። በተግባር ግን ጠዋት የፈረመ ሁሉ ማታም እንዳለ ተደርጎ የመቁጠር ልማድ ነበር። አበሉም የሚከፈለው በዚያው ፊርማ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ባዶ ወንበር ለመቁጠር የሚቸኩል አልነበረም። አዲሷ አፈ ጉባኤ ከእያንዳንዱ ድምፅ አሰጣጥ በፊት በአዳራሹ ያሉትን አስቆጥረው ቁጥሩ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዙ። ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ ሰው ይህ ሥራ መጨመር ቢመስልም፣ ኋላ «ያኔ እኔ አልነበርኩም» የሚል ሰው ሲመጣ የሚያድነው እርሱው ነው።

በጀቱ ሲቀርብ የቆላ ቀበሌዎች አባላት ለእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ ጥገና በረቂቁ ምንም እንዳልተያዘ አነሡ። ክርክሩ ረዘም አለ፤ የፋይናንስ ኃላፊው ገንዘብ እንደሌለ ደጋግመው ቢያስረዱም በመጨረሻ ከስብሰባና ከመስተንግዶ ወጪ ላይ ተቀንሶ ለጥገናው እንዲያዝ በድምፅ ተወሰነ። አባላቱ ስንቃቸውን ይዘው የወጡት ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ነው።

በርኖሱ የተደረበው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በጥቂት ሰው ፊት ነበር፤ ከግጥሞቹም የቀረበው አንዱ ብቻ ነው። የኮሚቴው አባላት እንግዶቻችን ተጉላሉ በማለት ለሳምንታት ቅር ብሏቸው ሰነበቱ። በዚህ በኩል እውነት አላቸው፤ እንግዶቹ ጠዋት ተጠርተው ሲጠብቁ ውለዋል። ይሁን እንጂ አፈ ጉባኤዋ ከመመረጣቸው በፊት መርሐ ግብሩን የሚያሻሽሉበት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እንግዶቹን ለከሰዓት በኋላ መጥራት ይችል የነበረው ራሱ ኮሚቴው ነው። ከዚያ ወዲህ የጉባኤ መርሐ ግብር ሲረቀቅ የቆላ አባላት የመነሻ ሰዓት አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ምርጫና ሹመት ባለበት ቀን ደግሞ አቀባበሉ የሚጻፈው ከመጨረሻው አጀንዳ ቀጥሎ ነው።