አምስት ዓመት ተብሎ ሰባት

ሰፈራችን አንዲት እትዬ አሉ፣ ባገኙኝ ቁጥር "አንቺ፣ እስካሁን አልጨረስሽም እንዴ?" ነው። እሳቸውን ሽሽት ስንቴ በጓሮ በር እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ስለጨረስኩ በነፃነት ላውራ።

2010 ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ሲቪል ምህንድስና አምስት ዓመት ነው ተባልን። ሦስተኛ ዓመት ላይ ኅዳር 2012 ግቢው ተረበሸና ግማሹ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ትንሽ ተረጋጋ ስንል መጋቢት ላይ ኮሮና መጥቶ ሁላችንንም በተነን፣ ስንመለስም መጀመሪያ ተመራቂዎቹ ይግቡ ተብሎ እኛ ወረፋ ጠበቅን። ይሄኛውን ማንም አይወቅስሽም፣ ባቹ፣ አብረን የገባነው በሙሉ ነው የዘገየው። እኔን ከባቼ የነጠለኝ ግን አንድ ኤፍ ነው።

ስትራክቸር ዋን የሚባል ኮርስ ላይ። አንድ ኤፍ ምን ያመጣል ብዬ ነበር 😂 ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱን ሳታልፊ ስትራክቸር ቱ የለም (ፕሪሪኩዚት የሚሉት ይሄን ነው)፣ ያ ከሌለ ኮንክሪት የለም፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አድቫይዘሬ የምዝገባ ስሊፔን ሳያየው ነው የፈረመልኝ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ፣ እስኪብርቶው በሲባጎ ከብረቱ ጋር የታሰረበት፣ ልጅቷ ቀና እንኳን ሳትል "ፕሪሪኩዚት አላሟላሽም" ብላ ወረቀቴን ገፋችልኝ። ኤፍ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልካድኩም፣ ሚድ ፈተናውን ሳላነብ ነው የገባሁት። ግን ለአንድ ኮርስ ዓመት ሙሉ መጠበቅ የሰነፍ ቅጣት ነው ወይስ የፕሮግራም አወጣጥ ችግር? ክረምት ላይ ቢሰጡን ምን ነበረበት?

ከጁኒየሮች ጋር ስማር አንዱ ልጅ አስተማሪ መስዬው ብድግ አለልኝ፣ አልረሳውም።

የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ ኤፍ የሚባል አታውቅም፣ አባቷ ሲታመሙ ትምህርቷን ለማቋረጥ ዊዝድሮው ሞላች፣ ተመልሳ ሪአድሚት ስታደርግ ካሪኩለሙ ተቀይሮ ጠበቃት።

በዛ ላይ 2015 ላይ የመውጫ ፈተና መጣ። ባቼ ያኔ ተፈተነ፣ እኔ 2016። ማለፊያው 50 ነው፣ በሦስት ነጥብ አለፍኩ።

እናቴ ለምረቃዬ ብላ 2014 ላይ ያሰፋችው ሀበሻ ቀሚስ 2016 ላይ ወገቡ እምቢ አለ። ጎኑን ተርትረን በመርፌ ቁልፍ ያዝነው፣ ፎቶው ላይ እጄን ጎኔ ላይ ያደረግኩት ፖዝ ይዤ አይደለም።